ትልቅ ሰው ቀይ አፍንጫ አድርጎ ቢቆም ምን ይጎድልበታል? (ለአንድ ጽሁፍ የተሰጠ ምላሽ)

ሰሞኑን ድሬ ውስጥ ስለሚካሄደው የክላውን (ቀይ አፍንጫ አድርጎ ሰው የሚያስቅ ተዋናይ) ወርክሾፕ የተጻፈ ጽሁፍ ሰው ሲቀባበለው አየሁ፣ እዛ እንደምሳተፍ የሚያውቁ ጓደኞቼም ላኩልኝ። ላላነበበው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ከዚራ የሚባለው ሰፈር አካባቢ አዳራሽ ተከራይተው ትልልቅ ሰዎችን ቀይ አፍንጫ እያስደረጉ ያጫውታሉ፣ "ራስህን ታገኛለህ" ይላሉ፣ ይሄ ግን ክብር ማሳጣት ነው፣ የፈረንጅ ፋሽን ነው፣ ሳቅ ያማረው ስልኩ ላይ ኮሜዲ አለለት፣ የጨነቀው ሃኪም ጋር ይሂድ፣ በሃይማኖትም ዋዛ ፈዛዛ ነው፣ በዛ ላይ ብር ይቀበላሉ፣ ጊዜም ማባከን ነው፣ ሴቶቹን ደሞ አይናፋርነታቸውን ያስጥሏቸዋል። ጸሃፊው የድሬ ልጅ መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል ስለዚ ወንድሜ አንተ እያልኩ ነው የምመልስልህ። ተናድጄ አይደለም፣ ግን ነገርየው ለብዙ ሰው ምን እንዳደረገ በአይኔ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከክብሩ ልጀምር ምክንያቱም የጽሁፍህ ዋና ክብደት እዛ ላይ ነው። ልጆች ያሉት ሰው የሚያከብረው ሰውዬ ቆሞ ሲሳቅበት ክብሩ የት ይገባል ነው ያልከው። አንተ በሃሳብህ የሳልከው አንዱ እንዲቀለድበት ተገፍቶ ወጥቶ ሌላው ሲያሾፍበት ነው፣ እንደዛ ቢሆን ኖሮ እኔም ካንተ ጋር ነበርኩ። እስቲ እዛ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ልንገርህ።

አንድ መምህር አለ፣ ሃይስኩል ነው የሚያስተምረው፣ ፈቃዱን ጠይቄ ነው የምጽፈው፣ ከዚ በላይ ማንነቱን አልናገርም። የሰጡን መልመጃ ሲያዩት ቀላል ነው። ከመጋረጃ ጀርባ አፍንጫህን ታደርጋለህ (ሰው ፊት አይደረግም፣ አይወልቅም፣ ማስተካከል ካለብህም ጀርባህን ሰጥተህ ነው፣ ይሄ ህግ ነው)፣ ትወጣለህ፣ መሃል ላይ ትቆማለህ፣ የተቀመጠውን ሰው አንድ በአንድ አይን አይኑን ታያለህ፣ በቃ፣ ሌላ ምንም አትሰራም። መምህሩ ግን ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው፣ ስለ ባጃጅና ስለ ትራፊክ የሆነ ቀልድ ይዞ፣ ገና እንደወጣ ፈጠን ፈጠን ብሎ ነገረን፣ ማንም አልሳቀም። ሌላ ጨመረ፣ እሱም አልሆነም። የሚሰማው ቬንትሌተሩ ብቻ ነው። ከዛ ያለው ሁሉ አለቀበት፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፣ ኪሱ ልክተት ብሎ ሲሰድ የለበሰው ቱታ ኪስ የለውም፣ እጁ ጭኑ ላይ ተንሸራቶ ወረደ፣ እጁን አየው፣ ቀና ብሎ እኛን አየን፣ "አያችሁ አይደል ምን እንደሆንኩ" በሚል አይን። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀ ግን ከቦታው አልሸሸም፣ እዛው ቆሞ ነው አብሮን የሳቀው። አሰልጣኛችን እስቲ ድገመው አለችው፣ ደገመው፣ ማንም ጥርሱን አላሳየም፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ላይ እየሰራው ነበር፣ የመጀመሪያው ላይ ግን እውነቱን ነበር።

ያ ሳቅ የማሾፍ ሳቅ አልነበረም ወንድሜ። እዛ የተቀመጥነው ሁላችንም የሆነ ቦታ ላይ፣ ኢንተርቪው ላይ በለው፣ የሽማግሌ ፊት በለው፣ እጃችንን የት እንደምናደርግ ጠፍቶን ያውቃል፣ እና እሱ ሳይደብቀው ቆመልን። በኋላ ሻይ ላይ ምን አለ መሰለህ፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ የማያውቀውን ነገር ሲጠይቀው ይቆጣ እንደነበር፣ አሁን ግን "ይሄን አላውቀውም፣ ነገ አይቼ እነግራችኋለሁ" ማለት እንደቻለ። ተማሪዎቹ የናቁት ይመስልሃል? እኔ የሱ ተማሪ ብሆን ከቁጣው ይልቅ ይሄንን ነበር የማከብረው።

ይሄ መልመጃ ደሞ የኛ አሰልጣኝ ከኪሷ ያወጣችው አይደለም። ዣክ ለኮክ የሚባል ፈረንሳዊ በፈረንጆቹ 1956 ፓሪስ ላይ የቲያትር ትምህርት ቤት ከፈተ፣ በ60ዎቹ ስለ ክላውን መመርመር ሲጀምር ተማሪዎቹን በክብ አስቀምጦ እየተነሳችሁ አስቁን አላቸው። ተገለበጡ፣ በቃላት ተጫወቱ፣ ያላደረጉት የለም፣ ማንም አልሳቀም። ተስፋ ቆርጠው፣ ተናደው፣ አፍረው ወደ ቦታቸው ሊቀመጡ ሲሄዱ ነው ሳቁ የመጣው። እሱም እዛች ላይ ያዛት፣ ሰውን የሚያስቀው ችሎታው ሳይሆን ሲከሽፍበት የሚታየው ራሱ ሰውየው ነው ብሎ። ቀይዋን አፍንጫ የአለም ትንሿ ማስክ ይላት ነበር። ሌላው ማስክ ፊትህን ይሸፍንልሃል፣ ይቺ ግን የአፍንጫህን ጫፍ ብቻ ነው የምትሸፍነው፣ የቀረው ፊትህ ሁሉ እንዳለ ውጪ ነው።

እና ክብር ስትል ደሞ አቦ ድሬ ነን እኮ! አንቱታ የማይገዛባት ከተማ ነው ያደግነው። ሌላ አገር ሄደን ትልቅ ሰው አንተ ብለን ስንት ጊዜ ተቆጥተውናል፣ ግን ያው አንተ የሚለው ልጅ ነው ሽማግሌውን ከባጃጅ ደግፎ የሚያወርደው፣ እቃውን ተሸክሞ ቤቱ ድረስ የሚያደርስለት። እዚ ከተማ ክብር በመኮፈስ መጥቶ አያውቅም። ታዲያ ይሄን ከኛ በላይ ማን ሊረዳው ነው?

የፈረንጅ ፋሽን ነው ላልከው ግማሹ ልክ ነው። ወርክሾፑ የሚሄድበት መንገድ፣ የመልመጃዎቹ ቅደም ተከተል፣ አፍንጫዋም ጭምር ከአውሮፓ የመጡ ናቸው፣ አልክድም። ግን ከውጪ መጣ ማለት አይሆነንም ማለት ከሆነ ከተማችን ራሷ በፈረንጆቹ 1902 ከጅቡቲ የመጣው ባቡር እዚ ሲደርስ የተቆረቆረች አይደለችም እንዴ፣ ስሟንም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ብለዋት ነበር። ከዛ በኋላ ኦሮሞው ሶማሌው አማራው ሐረሪው ጉራጌው አረቡ ግሪኩ አርመኑ ሁሉም የራሱን ይዞ መጥቶ ነው ድሬ ድሬ የሆነችው።

ግማሹ ደሞ ልክ አይደለም፣ ምክንያቱም ሞኝ መስሎ እውነት የሚናገር ሰው የፈረንጅ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የሰሜን አሜሪካ ነባር ህዝቦች፣ ዙኒዎቹ፣ ሆፒዎቹ፣ በሃይማኖታዊ በዓላቸው መሃል ላይ የሚወጡ ክላውኖች አሏቸው፣ ስራቸውም ከባድ ተደርጎ ነው የሚታየው። እኛ ጋር ደሞ አለቃ ገብረሃና አሉ። ጎንደር ላይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ ሊቅ፣ ዛሬም ቀልዳቸው ከአፍ ያልወረደ፣ መኳንንቱንም ራሳቸውንም የማይምሩ፣ ያው ሰውዬ ናቸው ዛሬ ቤተክርስቲያን ውስጥ የሚዘመምበትን የተክሌ አቋቋም ያወጡት፣ በልጃቸው በተክሌ ስም ነው የሚጠራው። ቀልዱና ማህሌቱ አንድ ሰው ውስጥ አብረው ኖሩ፣ አንዱ አንዱን አላረከሰውም። ቅርብ ጊዜ ደሞ አባባ ተስፋዬ፣ ከ40 አመት በላይ ቴሌቪዥን ላይ የእንስሳ ድምጽ እያወጡ ድምጻቸውን እየለዋወጡ ለልጅ ተረት ያወሩ፣ ወጣት እያሉ ሴት ተዋናይ ሲጠፋ የሴት ገጸ ባህሪ ሆነው ስቴጅ ላይ የወጡ ሰው፣ በ2009 ሲያርፉ አገር ነው ያለቀሰላቸው። እሳቸውን ክብር አጡ የሚል ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ሰርከሱም ቢሆን አዲስ አይደለም፣ በፈረንጆቹ 1991 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የልጆች ሰርከስ ድሬን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቶ የስንቱን ሰፈር ልጅ አሳድጓል።

ቀጥሎ "ሳቅ ከፈለግክ ዩቲዩብ ክፈት" ያልከው። ይሄ ነገሩ ያልገባህ መሆኑን በጣም ያሳየኝ ቦታ ነው። ሮበርት ፕሮቫይን የሚባል አሜሪካዊ የሳይኮሎጂ ሰው ሳቅን ላብራቶሪ ውስጥ ማጥናት አልሆን ሲለው ወደ ገበያ ማዕከልና መንገድ ወጥቶ ሰዎች ሲያወሩ መቼ እንደሚስቁ መዘገበ፣ ከ1200 በላይ የሳቅ አጋጣሚ። ያገኘው ነገር ምንድነው፣ ከሳቁ በፊት ቀልድ የሚመስል ነገር የተነገረው ከ10 እስከ 20 በመቶ በሚሆነው ላይ ብቻ ነው፣ የቀረው "በል ቻው"፣ "እርግጠኛ ነህ?" አይነት ተራ ወሬ ነው። ሰው ብቻውን ከሚሆንበት ጊዜ ይልቅ ከሰው ጋር ሲሆን 30 እጥፍ ይስቃል። ማለትም ሳቅ ሰው ከሰው ጋር የሚገናኝበት ነገር ነው እንጂ ቀልድ ገብቶ የሚወጣበት ነገር አይደለም። እኔም ስልኬ ላይ ኮሜዲ አያለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ ግን ስልኩ አይን አይኔን አያየኝም፣ እኔ ሲከሽፍብኝም አያውቅም። እዛ አዳራሽ ውስጥ የሚፈለገው ደሞ መሳቅ ብቻ አይደለም። ተመልካች ሆኖ መቀመጥ ራሱ ስራ አለው፣ የወጣውን ሰው ብቻውን ሳትተወው ማየት፣ ስልክ ሳትነካ፣ ከጎንህ ካለው ሳታንሾካሹክ። ይሄን የተለማመደ ሰው ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ስታወራው እንዴት እንደሚሰማት ገምት።

"የታመመ ሃኪም ጋር ይሂድ" ያልከው ላይ ግን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ እንደውም ካንተ በላይ አጠንክሬ እላለሁ። ክላውን ወርክሾፕ ህክምና አይደለም። እንቅልፍ ያጣ፣ ህይወቱን የጠላ፣ ከባድ ነገር የደረሰበት ሰው ቀይ አፍንጫ ሳይሆን የአእምሮ ሃኪም ነው የሚያስፈልገው፣ አሰልጣኝ ነኝ ብሎ የሰውን ቁስል በሰው ፊት የሚነካካ ካለ ከዛ ቤት ውጡ። ክላውን የሚያስተምር ሁሉ ደግ ነው ማለትም አይደለም፣ ፊሊፕ ጎሊየ የሚባለው የለኮክ ተማሪ የነበረ ታዋቂ አስተማሪ ከበሮ ይዞ እየተቀመጠ ያሰለቸውን ተማሪ ከበሮውን መትቶ ከስቴጅ ያወርድ ነበር፣ ታዋቂዎቹ የፊልም ተዋናዮች ኤማ ቶምሰንና ሳሻ ባሮን ኮኸን የወጡት ከሱ ትምህርት ነው። ለተዋናይ ሊጠቅም ይችላል፣ ስራው ነውና። ግን ባንክ ውለው፣ ሱቅ ውለው ለሚመጡ የኛ ሰዎች እንደዛ አይሆንም፣ አሰልጣኛችንም ማንም ሰው "ዛሬ አልወጣም" ካለ ለምን ብላ አትጠይቅም።

ነገር ግን ህክምና አይደለም ማለት ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፣ አንተ ሁለቱን አንድ አድርገህ ነው ያለፍከው። አብራን የምትሳተፍ ነርስ አለች። ህጻናት ላይ ነው የምትሰራው። እሷ እንደነገረችን ልጅ መርፌ ስትወጋ ለቅሶው እንዳይከብዳት ፊቱን ማየት ትታ ነበር፣ ክንዱን ብቻ ነበር የምታየው። አይን ለአይን የማየት መልመጃውን ለሁለተኛ ጊዜ ስትሰራ አልቅሳ ነው የወጣችው፣ ከዛ ግን ተመለሰች። አሁን ስራ ቦታዋ አፍንጫ አታደርግም፣ ምንም አትቀልድም፣ ልጁን መጀመሪያ ታየዋለች፣ ሲሪንጁን ራሷ ፈርታው ታሳየዋለች፣ ልጁ ግራ ገብቶት ያያታል፣ እሷም ታየዋለች፣ ከዛ ነው የምትወጋው። ያለቅሳል፣ ማልቀሱ አይቀርም፣ ግን ብቻውን አያለቅስም። በጥናትም ቢሆን ጣልያን ፍሎረንስ ባለ የህጻናት ሆስፒታል 5 እስከ 12 አመት የሆናቸው 40 ልጆችን ወስደው ግማሾቹ ወደ ኦፕሬሽን ሲገቡ ክላውኖች አብረዋቸው እንዲሆኑ አደረጉ፣ ማደንዘዣ ሲሰጣቸው ጭንቀታቸው ከሌሎቹ በግልጽ ያነሰ ነበር፣ በፈረንጆቹ 2005 ነው የታተመው። እውነቱን ሙሉ ለመናገር ያው ጥናት ላይ አብዛኛው የሆስፒታሉ ሰራተኛ ስራ ያጓትትብናል ብሎ ፕሮግራሙ እንዲቀጥል አልፈለገም። ይሄንንም የምጽፈው አንተ ለክርክር እንዲመችህ ሳይሆን ነገሩ ስርአት የሚፈልግ ስራ መሆኑን እንድታይ ነው።

ሃይማኖት ላይ በጥንቃቄ ነው የምናገረው፣ ሁለታችንም እናታችን ጸሎት እያደረገች ያሳደገችን ነን። ዋዛ ፈዛዛ ልብን ያደነዝዛል የሚለውን አከብራለሁ። ዋዛ የሚባለው ግን ጊዜ ለመግደል፣ በተለይ ደሞ በሌላ ሰው ላይ እየተሳለቁ የሚወራው ነው፣ እዛ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ክልክል ነገር ደሞ ሌላ ሰው ላይ መሳለቅ ነው፣ ብሄሩን፣ አነጋገሩን፣ አካሉን። ጳውሎስ ራሱ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ስለ ክርስቶስ ሞኞች ነን ይላል፣ በምስራቅ ክርስትናም በ6ኛው ክፍለ ዘመን ሶርያ ውስጥ ኤሜሳ ከተማ የኖረ ስምዖን የሚባል ቅዱስ እብድ እየመሰለ፣ የሞተ ውሻ በገመድ እየጎተተ ከተማ ገብቶ፣ በጎን ድሃ ሲረዳ ነው የኖረው። ሙስሊም ጓደኞቼ ደሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከባልደረቦቻቸው ጋር ይቀልዱ እንደነበር፣ ግን ሲቀልዱም ከእውነት በቀር እንደማይናገሩ ነው የሚነግሩኝ። እኔ መምህርም ኡስታዝም አይደለሁም፣ ከዚ በላይ አልገባበትም።

ብሩን በተመለከተ አዎ ይከፈላል፣ አዳራሽ ኪራይ አለው፣ መብራት አለው፣ አሰልጣኟም ትበላለች። ለጂም ስንከፍል ማንም ጡንቻ ሻጭ አላለም። ጊዜ ማባከን ነው ያልከውን ግን አንድ ነገር ልበልህ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ከ10 ሰአት በኋላ ነው የምንገናኘው፣ የድሬ ወጣት ያንን ሰአት በአብዛኛው የት እንደሚያሳልፈው አንተም ታውቃለህ እኔም አውቃለሁ፣ በርጫ ላይ ነው። መካሪ ልሁን አላልኩም። ግን ከምሳ በኋላ በርጫ ብቻ በሚጠብቀው ከተማ ውስጥ ሌላ አንድ በር ሲከፈት ያንን በር ነው ወይ መጀመሪያ የምንዘጋው?

ስለ ሴቶቹ የጻፍከው ግን ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ነው። "እፍረት የሴት ልጅ ጌጥ ነው፣ እዛ ሲገቡ ይጥሉታል" ነው ያልከው። መጀመሪያ ነገር ማንም አካሉን አይነካም ካልፈቀደ፣ ለሴቶች ብቻ የሚሆን ጊዜም አለ፣ ሂጃቧን ሳትነካ አፍንጫዋን የምታደርግ እህት አለች፣ እንደውም አፍንጫዋ ላስቲኩ በሻርፑ ላይ እየተንሸራተተ አስቸግሯት እሱን ለማስተካከል የገባችበት ትግል ካየኋቸው ሁሉ የማልረሳው ነው፣ አንድም ቃል ሳትናገር። ሁለተኛ ነገር፣ ብዙዎቹ ሴቶች የሚመጡት ድምጻቸው ስለማይወጣ ነው። ስብሰባ ላይ ሃሳብ እያላት የማትናገር፣ ታክሲ ላይ መልሷን መጠየቅ የሚከብዳት፣ አለቃዋ ሲያመናጭቃት ፈገግ ብላ የምታልፍ። እሱን እፍረት ጌጥ አትበለው ወንድሜ፣ እህትህም እንደዛ ሆና እየኖረች ሊሆን ይችላል፣ ጠይቃት። ውሳኔውም ቢሆን ያንተ አይደለም፣ የት መግባት እንዳለባት የምትወስነው እሷ ናት።

በመጨረሻ ከጽሁፍህ ጋር አያይዘህ ያወጣኸው ቪዲዮ አለ። ሰዎች ወለል ላይ እየዳሁ፣ ከበስተጀርባ ሳቅ እየተሰማ። ያ የማሟሟቂያ መልመጃ ነው፣ ሰው እንደ ህጻን ተነስቶ መቆምን ከዜሮ የሚሞክርበት፣ ሙሉውን ያየ ሰው መጨረሻ ላይ ሁሉም እየተደጋገፉ ሲቆሙ ያያል፣ አንተ የለጠፍከው ግን መሃሉን ቆርጦ ነው። ማን እንደቀረጸው እስካሁን አልታወቀም፣ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነበር፣ ሆኖም መግባቱ የወርክሾፑ ጥፋት ነው፣ አሁን ስልክ በር ላይ ቅርጫት ውስጥ እየቀረ ነው የሚገባው። ነገር ግን የሶስቱ ሰዎች ፊት በግልጽ ይታያል። አንዷ ስራ ቦታዋ ላይ ሰው እያሳየ ሲስቅባት ነው የሰነበተችው፣ ባለፈው ጊዜም አልመጣችም፣ ስንደውልላት አታነሳም። ጽሁፍህ ይቆይ፣ ክርክሩም ይቀጥል፣ ደስ ይለኛል፣ ብትመጣም ያለ ክፍያ ጥግ ላይ ተቀምጠህ እንድታይ አሰልጣኟ ፈቅዳለች። ቪዲዮውን ግን ዛሬውኑ አጥፋው፣ የተቀባበላችሁትም እንደዛው።